ሣሩ ሥር ያለው ሽቦ

እኛ ሰፈር የፊት ለፊት አጥር ክልክል ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በፊርማው ቀን ከሚያስታቅፉን የወረቀት ክምር መሃል የኤችኦኤ፣ ማለትም የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደንብ የሚሉት ጥራዝ አለ። የፖስታ ሣጥኑ ቀለም፣ የቆሻሻ ባልዲው ከመንገድ ዳር የሚነሳበት ጊዜ፣ የገና መብራት የሚወርድበት ቀን ሳይቀር ተጽፎበታል። ስለ አጥር ያለው አንቀጽ ግን ከሁሉም ይረዝማል። ከቤቱ ፊት ምንም ዓይነት አጥር አይፈቀድም፤ ከኋላ ኮሚቴው ያጸደቀው እንጨት ብቻ፤ የሽቦ መረብማ አይታሰብም። ሣሩ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ እንዲታይ ነው። ያምራል፣ አልዋሽም።

አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን መጀመሪያ አካባቢ ልብስ ሳይለብሱ አደባባይ እንደመውጣት ነው። አገር ቤት ከቤቱ በፊት አጥሩ ነው የሚያልቀው። መሠረት ሳይቆፈር ቆርቆሮ ይዞራል፤ አቅም ሲገኝ ብሎኬት ይሆናል፤ ብሎኬቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃማ ሽቦ ይደረደራል። ውሻ ካለ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፤ እስኪነጋ ግቢው የእሱ ነው። ውሻው ራሱ ወዴት ይሄድብን ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው ግን እኔ አላየሁም። በሩ ተዘግቷል፣ አለቀ።

ውሻችንን ቡቺን ከእንስሳት መጠለያ ያመጣነው ልጆቹ እየጨቀጨቁ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡን ነው። ግማሹ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሙም አላወቀም። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ አፍንጫው ሥራ የማይፈታ። ልጆቹ አንድ የካርቱን ስም ይዘው ነበር፤ እኔ ግን የአገሬ ቡችላ ወይ ቦቢ ነው ወይ ቡቺ፣ ሌላ አላውቅም ብዬ ድርቅ አልኩ። በዚች ብቻ አሸንፌያለሁ።

የካውንቲው ሕግ ከባለቤቱ ይዞታ ውጭ ውሻ ልቅ እንዳይሆን ይከለክላል። ይዞታችን የት እንደሚያልቅ የሚያሳየው ደግሞ መዝገብ ቤት ያለ ካርታ ነው። ቡቺ ካርታ አያነብም። የጓሮውን ዙሪያ በእንጨት ለማጠር የጠየቅናቸው ሰዎች የጠሩልን ዋጋ ለጊዜው የምንችለው አልነበረም። ያኔ ነው ጎረቤታችን፣ ሁለት ትልልቅ ውሾች ያሉት ጡረተኛ፣ የሣሩን ጠርዝ በጫማው ጫፍ እየነካ «የእኔን አጥር አይተኸው ታውቃለህ?» ያለኝ። ለዓመታት አጠገቡ ስኖር አይቼው አላውቅም ነበር።

አሜሪካኖች በደፈናው ኢንቪዝብል ፌንስ፣ የማይታይ አጥር፣ ይሉታል፤ የአንድ ኩባንያ ስም ነው፣ ግን የማንም ቢሆን እንደዚያው ይጠሩታል። ሐሳቡን ያመጣው ሪቻርድ ፔክ የሚባል ሰው ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ባለሙያ መጥቶ ከዘረጋው ከሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ራሱ ቆፍሮ ለሚቀብር ግን በጥቂት መቶ ዶላር ካርቶኑ ይሸጥለታል። እኔ ካርቶኑን ገዛሁ።

አሠራሩ የሚመስለውን ያህል ረቂቅ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን አለ። ከሣጥኑ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ግቢውን ዞሮ ተመልሶ እዚያው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ዙሩ የግድ መገናኘት አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሣጥኑ መጮህ ይጀምራል። በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ደካማ የሬዲዮ ምልክት ነው። ሽቦው ራሱ ማንንም አይነዝርም፤ ብትረግጡት፣ በእጃችሁ ብትይዙት ምንም አይላችሁም። የሚነዝረው የውሻው አንገት ላይ ያለው ቀበቶ፣ ኮላሩ ነው። ኮላሩ ላይ ያለችው መቀበያ ወደ ሽቦው ስትቀርብ መጀመሪያ ጢጥ ጢጥ ትላለች። ውሻው ሰምቶ ካልተመለሰ፣ ከሥሯ ብቅ ባሉት ሁለት የብረት ጫፎች አንገቱን ትነዝረዋለች።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ የሽቦው ጥምዝ ነው። ከጋራዡ እስከ ድንበሩ ሽቦው በግቢው መሃል ማለፉ ስለማይቀር ውሻው እዚያም ላይ እንዳይነዘር ሄያጁንና ተመላሹን ሽቦ እንደ ገመድ አንድ ላይ ይጠመዝዟቸዋል፤ በሜትር ከ30 ዙር በላይ። ያኔ የአንዱ ምልክት የሌላውን ያጠፋዋል፣ ውሻው በላዩ ላይ ተንከባልሎ ቢጫወት ኮላሩ ትንፍሽ አይልም። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ድሪል አፍ ላይ አስሬ ስጠመዝዝ ትንሹ ልጄ ፊዚክስ ማለት ይሄ ነው እንዴ አለኝ። አዎ ልጄ፣ ይሄ ነው።

ከመቆፈር በፊት መሬት ሥር የተቀበረውን መስመር እንዲያሳዩ ወደ 811 መደወል ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ በመላው አሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፣ ክፍያ የለውም። ሰዎቹ መጥተው መሬቱን ቀለም ይቀቡታል፦ ቀይ ለመብራት፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ሰማያዊ ለውኃ፣ ብርቱካናማ ለስልክና ለኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ። ጸጥ ብሎ የተኛ የሚመስለኝ ሣር ሥር ይህን ያህል ነገር መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ይህን ሥራ የሚናቅ አድርጋችሁ እንዳትዘሉት። የሚፈራው ጋዙ ብቻ አይደለም። የውሻው ሽቦ ከቴሌቪዥን ኬብል ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ኬብሉ ምልክቱን ይዋስና ቤት ውስጥ ይዞት ይገባል፤ ያኔ ውሻው ሳሎን ምንጣፍ ላይ በተኛበት ይነዘራል፣ ቤተሰቡም ውሻችን ምን ነካው ይላል። ስለዚህ ሌላውን መስመር የግድ ማቋረጥ ካለባችሁ ቀጥ ብላችሁ እንደ መስቀል አቋርጡት እንጂ አጠገቡ አትሂዱ።

ቁፋሮው ጥልቅ አይደለም፤ ከጣት ርዝመት አያልፍም። የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ አፈር ግን ሲደርቅ ጡብ ነው። ጠፍጣፋ አካፋ በእግሬ እየረገጥኩ ሣሩን እሰነጥቃለሁ፣ ባለቤቴ ሽቦውን እያስገባች በእንጨት ትጫነዋለች፣ ከዚያ ስንጥቁን በጫማችን እንረግጠዋለን። ድራይቭዌዩ፣ የመኪና መግቢያው ጋ ስንደርስ በኮንክሪቱ ሰሌዳዎች መሃል ያለው ክፍተት አዳነን፤ እሱን ጠርገን ሽቦውን አስገብተን በሲሊኮን ደፈንነው።

ኮላሩን ቡቺ አንገት ላይ ከማሰሬ በፊት በራሴ ክንድ ሞከርኩት። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል አለች፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ስትደግፏት ብልጭ ትላለች፣ እሷ ትበቃ ነበር። እኔ ግን አንድን ፍጡር ልነዝር ከሆነ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ኮላሩን ክንዴ ላይ ጫን አድርጌ ወደ ሽቦው ተራመድኩ። ጢጥ ጢጥ አለ፤ አንድ እርምጃ ጨመርኩ። በዝቅተኛው ደረጃ መዥገር የሮጠብኝ ያህል ነው፣ ምንም አይደል። መሃለኛው ላይ ግን ክንዴ ሳላዘው ወደ ላይ ተፈናጠረ፤ ሕመሙ ቶሎ ጠፋ፣ ድንጋጤው ግን ቆየ። ከሁሉ የከፋው ያቺ ጢጥ ጢጥ ነች። ሁለተኛ ስትጮህ ገና ሳልነዘር ትከሻዬ ተሰበሰበ። በአንድ ጊዜ ተምሬያለሁ ማለት ነው።

ሻጮቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ውሻው የሚማረው ከንዝረቱ ሳይሆን ከድምፁ እንዲሸሽ ነው። ለዚህም ሥልጠና አለ። በሽቦው ላይ ነጫጭ ትናንሽ ባንዲራዎች ይተከላሉ። ውሻው በማሰሪያ ተይዞ ወደ ባንዲራው ይጠጋል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ወዲያው ወደ ውስጥ ተስቦ ይመሰገናል፣ ቁራሽ ሥጋ ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንዝረት የለም፤ ድምፅ ብቻ። ጊዜው አጭር፣ በቀን ጥቂት ዙር፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። በኋላ ባንዲራዎቹ አንድ እየተዘለለ አንድ ይነቀላሉ፣ ውሻው ድንበሩን በልቡ ይዞ ይቀራል። ሽቦ ቀብሮ ውሻ መልቀቅ ብቻ የመሰለው ሰው ገንዘቡን ጥሏል፣ ውሻውንም አሰቃይቷል። ባለቤቴ በዚህ ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት ነበራት። እኔ ሥጋውን ቀድሜ እሰጣለሁ።

በነገራችን ላይ ባንዲራዎቹ በቆሙ በቀናት ውስጥ ከማኅበሩ ደብዳቤ ደረሰን፤ «ፊት ለፊት የሚታየው ያልተፈቀደ ጌጥ» ይነሣ የሚል። እንዳይታይ ተብሎ የተቀበረ አጥር ላይ ነው እንግዲህ።

ሠራ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ቡቺ ቤቱን ከኋላም ከፊትም እየዞረ ይሮጥ ነበር፤ ሽኮኮ አባሮ አባሮ ድንበሩ ላይ ሲደርስ እግሮቹን ሣሩ ላይ እያንሸራተተ ይቆማል። መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ለሚኖር፣ ወይም ሰፊ መሬት ኖሮት በእንጨት ልጠር ቢል ቤቱን መሸጥ ለሚኖርበት ሰው፣ ይህ ነገር የውሻ ሕይወት እንደሚያድን አምናለሁ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ከሚውል ውሻማ ቡቺ የተሻለ ኖሯል።

እማዬ በበጋው ልትጠይቀን መጣች። ውሻ ቤት ውስጥ ማደሩን ገና ሳትለምደው ይህንን አሳየኋት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ሣሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሺ፣ ሌባ ሲመጣስ?»

«ሌባው ኮላር የለውም እማዬ፣ አይነዘርም። ዝም ብሎ ይገባል።»

«የሰው ውሻስ?»

«እሱም ይገባል።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ነው አጥርነቱ?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

እኔም ቀስ እያልኩ እሷ ያለችው ቦታ ደረስኩ። አጥር የሚባለው ነገር ሁለት ሥራ አለው፤ የውስጡን ማቆየትና የውጭውን መከልከል። ሽቦው የሚሠራው አንደኛውን ብቻ ነው። የጎረቤት ውሻ፣ ማታ ማታ በጫካው ጠርዝ የሚዞሩት ኮዮቴዎች፣ የመንገድ ልጅ፣ ሁሉም እንደፈለጉ ይገባሉ። ገቢው ጠብ ፈላጊ ከሆነ የቤቱ ውሻ መሸሻ የለውም፤ ከኋላው ድንበሩ አለ። መንገደኛውም ድንበሩን አያየውም። ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ አንድ ግዙፍ ውሻ እየጮኸ በቀጥታ ወደ እሱ ሲሮጥ እንጂ በመጨረሻዋ እርምጃ እንደሚቆም በምን ያውቃል? ሣሩ ላይ የተተከለችውን ትንሽ ምልክት ቆሞ የሚያነብ የለም። ውሻውም ቢሆን፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ለሰላምታ ሮጦ የሚነዘር ከሆነ፣ ጥፋቱን ለሽቦው ሳይሆን ለአላፊው ሊሰጥ ይችላል። የእንስሳት ጠባይ ባለሙያዎች በዚህ ነገር ላይ ከሚያነሷቸው ስጋቶች አንዱ ይሄ ነው።

ከዚያ የኅዳሩ ምሽት መጣ። ወቅቱ አጋዘኖች የሚሳረሩበት ነው፤ ወንዱ ሴቲቱን ተከትሎ አስፋልቱንም ሰውንም አያይም። አንዷ በጎረቤታችን ጓሮ ወጥታ በእኛ ሣር ላይ ስታቋርጥ ቡቺ ከዴኩ፣ ከእንጨት በረንዳው ላይ ተስፈነጠረ። ጢጥ ጢጧን ሰማኋት። ሲነዘር አንዴ ጮኸ፣ አልቆመም። በዚያ ፍጥነት ለሚሮጥ ውሻ የንዝረቱ ክልል የቅጽበት ጉዳይ ነው። መንገዱን ተሻገረ፤ ደግነቱ መኪና አልነበረም። አጋዘኗን ያጣት ወዲያው ነው፣ እስከ መንገዱ ጠርዝም ተመለሰ። እዚያ ግን ቆመ። ስሙን ብጠራው፣ ሥጋ ባሳየው፣ ልጆቹ ተንበርክከው ቢለምኑት አንድ እግሩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ለመውጣት አንዴ ከፍሏል፤ ለመግባት ደግሞ ሊከፍል ነው፣ አሁን ግን የሚያባርረው አጋዘን የለም። ሄጄ ኮላሩን ፈታሁለት። ያም ሆኖ በእግሩ አልገባ አለ፤ ያን የሚያህል ውሻ ታቅፌ ነው ያሻገርኩት።

ይህ የእኛ ዕድል ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት አለ። በኤሌክትሮኒክ አጥር ከሚያዙት ውሾች 44 ከመቶው ያመለጡበት ጊዜ ነበር፤ በሚታይ አጥር ከሚያዙት ደግሞ 23 ከመቶው። እንጨትም ቢሆን ሁሉን አያስቆምም ማለት ነው፣ ልዩነቱ ግን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዌልስ ደግሞ የሚነዝር ኮላርን በ2010 እ.ኤ.አ. ከልክላለች፣ የድንበሩም ሳይቀር። አምራቾቹ ፍርድ ቤት ቢወስዷትም ተረተዋል። ጎረቤቷ እንግሊዝ የድንበሩን ኮላር እስካሁን አልከለከለችም። ሁለት አጎራባች አገር እንኳ ያልተስማማበት ነገር ላይ እኔ ጨርሼ ልፈርድ አልችልም።

አንድ ነገር ግን እላለሁ። ይህን ሽቦ የቀበርነው ለቡቺ ብለን አይደለም። ለቡቺ ከሆነ የሚያየው፣ የሚያሸተው፣ ተደግፎ የሚቆምበት እንጨት ነበር የሚያስፈልገው። የቀበርነው ሣሩ ሳይቆራረጥ እንዲታይ፣ ሰፈሩ ሰፊ መናፈሻ እንዲመስል ነው። አጥሩ ከመሬት ላይ ተነሥቶ የሄደው ወደ ውሻው አንገት ነው፤ እሱ ተሸክሞት ይዞራል፣ እኛ በመስኮት ሣሩን እያየን ቡና እንጠጣለን። የቤት ዋጋ እንዳይወርድ የሚከፈለውን መዋጮ ሁላችንም በየወሩ እንከፍላለን፤ የእሱ ድርሻ በዛ ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ጸደይ የጓሮውን እንጨት አሠራን። ኮሚቴው ሥዕሉን ሁለቴ መለሰብን፣ ሦስተኛውን አጸደቀ፤ ዋጋው አሁንም ሲታወሰኝ ያመኛል። ቡቺ ኮላሩን ከፈታሁለት በኋላም ለብዙ ጊዜ ወደ እንጨቱ ተጠግቶ አያውቅም፤ ሽቦው ካለበት ላይ ይቆምና ይመለሳል። ልጆቹ በአጥሩ ሥር ቁራሽ ሥጋ እየበተኑ ነው ያላመዱት። ከፊት ለፊት ሲወጣ በማሰሪያ ነው፣ ከእኛ ጋር።

በቅርቡ ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ውሻ አሳድጎ ደወለልኝ፤ «ያ ዕቃህ አለ አይደል?» እያለ። የእሱም ሰፈር አጥር አይፈቅድም፣ ጓሮውንም ጭምር። አትውሰድ አላልኩትም። ሽቦውን ከእግረኛ መንገዱ ብዙ ወደ ውስጥ ገባ አድርገህ ቅበር፣ ውሻው በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ላይ ደርሶ እንዳይቆም፤ ውሻውን ብቻውን ደጅ ትተህ ወደ ሥራ እንዳትሄድ፤ ኮላሩን በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አታቆይበት፣ እነዚያ ሁለት ጫፎች አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑ አንገቱን ያቆስሉታል፣ ፀጉሩን ገለጥ እያደረግህ እይ፤ ባትሪው በጸጥታ ነው የሚሞተው፣ በየጊዜው ሞክረው፤ አጋዘን በሚበዛበት ሰሞን ደግሞ አትመነው አልኩት። ሽቦው ሲበጠስ የት ጋ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል ሲለኝ፣ አሮጌ ኤኤም ሬዲዮ ፈልግ፣ ምልክቱ ድምፁ ላይ ሲጮህ እየሰማህ ሽቦውን ተከትለህ ሂድ፣ ጩኸቱ የቆመበት ላይ ቆፍር አልኩት።

«ቀላል ነው እኮ» አለኝ።

«ቀላል ነው። መጀመሪያ ግን በክንድህ ሞክረው፣ መሃለኛው ላይ። ከዚያ ከፈለግኸው ቅዳሜ መጥተህ ውሰድ፤ አካፋውን ግን ትመልሳለህ።»